የሆድ ሕመምና ቀዶ ሕክምና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራዬ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለ ሆድ ሕመም የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። ሆድ ሳይዳሰስ የሚሰጥ መልስ ግን ምርመራን እንደማይተካ አስቀድሜ ልናገር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ትርፍ አንጀትን ከተራ ቁርጠት በምን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ እኔ «የት ያምዎታል?» ከማለቴ በፊት «የት ጀመረዎት? ከዚያስ ወዴት ሄደ?» እላለሁ። የትርፍ አንጀት ሕመም ብዙውን ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ሆድ ታችኛው ቀኝ ክፍል ይወርዳል። አንጀት ራሱ ሲታመም ነርቮቹ ቦታውን ለይተው አይናገሩም፤ ብግነቱ የሆድ ዕቃን ግድግዳ ወደ ሸፈነው ስስ ሽፋን ሲደርስ ግን በሽተኛው ቦታውን በአንድ ጣት ያሳያል። የምልክቶቹ ቅደም ተከተልም ብዙ ይናገራል። በትርፍ አንጀት ሕመሙ ይቀድማል፣ ማስመለሱ ይከተላል፣ የምግብ ፍላጎትም ይጠፋል። ማስመለስና ተቅማጥ ቀድመው ቁርጠቱ ከተከተለ ሐሳቤ ወደ አንጀት ኢንፌክሽን ያዘነብላል።

ስዳስስ ከማያመው ከግራ በኩል እጀምራለሁ፤ ዐይኔም በእጄ ላይ ሳይሆን በበሽተኛው ፊት ላይ ነው። ሕፃን ከሆነ «እስቲ ውረድና ዝለል» እለዋለሁ። እየሣቀ ከዘለለ ልቤ ይረጋል፤ ቀኝ እግሩን አጥፎ አልነሣም ካለ ግን የደም ምርመራውን ውጤት ሳልጠብቅ አልትራሳውንድ አዛለሁ። ትርፍ አንጀቱ ከትልቁ አንጀት ኋላ ከተደበቀ ሕመሙ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ወደ ዳሌ ከወረደ ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ እያሰኘ ያሳስታል። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት የእርግዝና ምርመራ አይቀርም፤ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና በተመሳሳይ ሕመም መጥቶ በደም መፍሰስ ሊገድል ይችላል። ነገሩ ካልለየልኝ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመልሼ እዳስሳለሁ። ቤተሰብ ይህን እንደ ማመንታት ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ያው እጅ ያንኑ ሆድ ሁለት ጊዜ መዳሰሱን ከብዙ መሣሪያ አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ማስታገሻ መውሰድ ምርመራውን ያበላሻል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የድሮ ትምህርት ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሰጥ ማስታገሻ ምርመራን እንደማያሳስት በጥናት ታይቷል፤ በሽተኛን እያሰቃዩ መመርመር አያስፈልግም። የሚጎዳው ቤት ተቀምጦ በማስታገሻ ሁለት ቀን መግፋት ነው። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ደግሞ ጨርሶ አይሞከር።

ጥያቄ፦ ትርፍ አንጀት ያለ ቀዶ ሕክምና በአንቲባዮቲክ ይድናል?

መልስ፦ ያልተበሳ፣ መግል ያልቋጠረና ጠጠር ያልወተፈው ከሆነ ሊድን ይችላል። ሆኖም በፊንላንድ በተደረገ ጥናት በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከ10 ሰዎች 4 የሚጠጉት በ5 ዓመት ውስጥ ተመልሶባቸዋል። ይህን አውቆ መድኃኒቱን የመረጠ ሰው አልቃወምም።

ጥያቄ፦ ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ተነሥቼ የሐሞት ጠጠር ተገኘብኝ። ምንም አያመኝም። ይውጣ?

መልስ፦ በአብዛኛው አይወጣም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጠጠር በዓመት ሕመም የሚያስነሣው ከ100 ሰዎች በ1 ወይም በ2 ላይ ብቻ ነው። ቅባት ከበሉ በኋላ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚይዝ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ የሚወጣና ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ሕመም ከጀመረዎት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ የሐሞት ከረጢቱን በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ፣ ማውጣት ነው። ትኩሳት ከተጨመረ ከረጢቱ ተቆጥቷል። ዐይን ቢጫ ከሆነና ሽንት ከጠቆረ ጠጠሩ ወደ ዋናው የሐሞት ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት፤ ቆሽትንም ሊያስቆጣ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ የወይራ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ ጠጥተው «ጠጠሩ ወጣልኝ» ብለው አረንጓዴ እንክብል የሚያሳዩኝ አሉ። ዘይቱ ሆድ ውስጥ የሠራው ሳሙና ነው። አልትራሳውንዱ ሲደገም ጠጠሩ እዚያው ተቀምጧል።

ጥያቄ፦ ያለ ሐሞት ከረጢት መኖር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። አንዳንዱን ሰው ለተወሰነ ጊዜ ተቅማጥ ያስቸግረዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ብሽሽቱ ላይ እብጠት አለው። ሲተኛ ይገባል፣ ሲያስለው ይወጣል። ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ ዓመታት አሳለፈ።

መልስ፦ የሚገልጹት ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ በኩል ሾልኮ መውጣቱ፣ ይመስላል። የማያምና በቀላሉ የሚመለስ ከሆነ በክትትል መቆየት ይችላል፤ በራሱ ግን አይድንም። ሕክምናው የላላውን ግድግዳ፣ ብዙውን ጊዜ በመረብ፣ ማጠናከር ነው። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመው፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ማስመለስ ከጀመረ አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ይምጣ እንጂ በጉልበት ለመመለስ አይታገል። በሴቶች ላይ ከብሽሽት ዝቅ ብሎ የሚወጣው ዓይነት ቶሎ ስለሚታነቅ እሱን አላቆየውም።

ጥያቄ፦ የጨጓራ ሕመም መቼ ነው ወደ እናንተ የሚመጣው?

መልስ፦ ሲበሳ ወይም ደም መፍሰሱ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) አልቆም ሲል። ጨጓራው የተበሳበት ሰው ሕመሙ የጀመረበትን ደቂቃ ሳይቀር ይነግርሃል። የጠጠር ቁርጠት ያለበት ይንፈራገጣል፤ ይህኛው ግን እንደ ጣውላ በደረቀ ሆዱ ላይ እጁን አድርጎ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ቆሞ የተነሣው የደረት ራጅ ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በታች አየር ካሳየ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንሄዳለን። መንስኤው በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ወይም እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቀዳዳውን መስፋት ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ የልብ ምት መዛባትም አለባቸው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሆዳቸውን በጣም ያማቸዋል፤ ሲዳሰስ ግን ለስላሳ ነው።

መልስ፦ ይህን እያነበቡ ከሆነ አሁኑኑ ይውሰዷቸው። ከልብ የተነሣ የረጋ ደም የአንጀትን የደም ሥር ሲዘጋ ሕመሙ ከባድ፣ ሆዱ ግን መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ነው። አንጀት ያለ ደም የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። የልባቸውን ሁኔታና የሚወስዱትን መድኃኒት ለተረኛው ሐኪም ገና ሲገቡ ይንገሩ፤ የደም ሥርን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል።