ለአየር ንብረት የሚቆረቆሩ ልጆቻችንና የወታደራዊ አየር ሁኔታና ውቅያኖስ ሳይንስ ሙያ

በቅርቡ አንዲት እናት ስልክ ደውለው፣ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰልፍ ስትወጣና ፊርማ ስታሰባስብ ነበር፤ አሁን ደግሞ የባሕር ኃይል የአየር ሁኔታ መኮንን እሆናለሁ ትለኛለች፤ ሁለቱ ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አልገባኝም» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በአሜሪካ ከሚኖሩ ብዙ ወላጆችና ወጣቶች በተለያየ መልኩ ሰምቼዋለሁ። እኔ የወታደር ልብስ ለብሼ አላውቅም፤ ነገር ግን በሲቪል ሠራተኛነት በውቅያኖስ ልኬት ሥራ ረጅም ዓመታት ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ ለእኚያ እናት የመለስሁላቸውን ሰፋ አድርጌ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። ሁለቱ ይጣጣማሉ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ዛሬ በእርግጠኝነት ከምንናገረው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል የተገኘው ለጦር ዓላማ ከተደረገ ልኬት ነው። ወደ ሙያው ለመግባት ግን ሒሳብን፣ ዜግነትንና በአደባባይ የመናገርን ገደብ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሠራዊት ስለ አየር ሁኔታ የሚጨነቀው ሳይንስን ስለሚወድ ሳይሆን የአየር ሁኔታ ሰው ስለሚገድል ነው። በ1944 የኖርማንዲ ወረራ ለሰኔ 5 ተወስኖ ሳለ፣ የትንበያ ቡድኑ መሪ ጄምስ ስታግ ማዕበል እንደሚመጣ በማስጠንቀቁ ጄኔራል አይዘንሃወር ቀኑን ወደ ሰኔ 6 አሸጋገሩት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በፓስፊክ ውቅያኖስ በአድሚራል ሃልሲ ይመራ የነበረው የአሜሪካ መርከቦች ኃይል ከከባድ አውሎ ነፋስ ጋር ተገናኝቶ «ዲስትሮየር» የሚባሉ ሦስት የጦር መርከቦች ሰጠሙ፤ 790 ያህል ባሕረኞችም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ኃይሉ ዘንድ ትንበያ እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ታይቶ አያውቅም።

የውቅያኖሱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይረቃል። በባሕር ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ ፍጥነት ግን በውኃው ሙቀት፣ ጨዋማነትና ግፊት ይለዋወጣል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ፍጥነቱ ከጥልቀት ጥልቀት ስለሚለያይ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይታጠፋል። የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የት እንደሚሰማና የት እንደሚሰወር የሚያውቀው ይህን የሙቀትና የጨው ንብርብር የሚለካለት ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል የተሰበሰበው የሙቀትና የጨዋማነት መዝገብ፣ ውቅያኖሱ ምን ያህል ሙቀት እያከማቸ እንደ ሆነ ለሚመረምረው ሳይንቲስትም የሚያስፈልገው ያው መዝገብ ነው።

ከሁሉ በላይ ወጣቶቹ እንዲያውቁት የምፈልገው የአርክቲክን በረዶ ታሪክ ነው። ኖቲለስ የተባለችው በኒውክሌር ኃይል የምትንቀሳቀስ ሰርጓጅ በ1958 ከሰሜን ዋልታ በታች ካለፈች ጀምሮ፣ የአሜሪካ ሰርጓጆች ከበረዶው ሥር ሲጓዙ ወደ ላይ በሚመለከት ሶናር፣ ማለትም በድምፅ ርቀትን በሚለካ መሣሪያ፣ የበረዶውን ጥልቀት ይመዘግቡ ነበር። ይህን የሚያደርጉት በችግር ጊዜ በየት በኩል በረዶውን ሰብረው መውጣት እንደሚችሉ ለማወቅ ነበር፤ መዝገቡም ለአሥርተ ዓመታት ምስጢር ሆኖ ቆየ። የቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ በኋላ ከፊሉ ለተመራማሪዎች ሲከፈት፣ ሳይንቲስቱ ሮትሮክና ባልደረቦቹ ከ1958 እስከ 1976 የተለካውን በ1990ዎቹ ከተለካው ጋር አነጻጽረው በ1999 አሳተሙ፤ በበጋው ማብቂያ ላይ ከውኃ በታች ያለው የበረዶ አማካይ ጥልቀት ከ3.1 ሜትር ወደ 1.8 ሜትር ወርዶ ተገኘ። ሳተላይት የበረዶውን ስፋት ያሳያል፤ በዚያ ዘመን ውፍረቱን ያየው ግን በጨለማ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ጠብቆ መሣሪያውን ሲያነብ የነበረ ባሕረኛ ነው። ያ ባሕረኛ ስለ አየር ንብረት አንድም ቃል ሳይናገር የሠራው ሥራ ዛሬ የማንም ተሟጋች ንግግር የማይተካው ማስረጃ ሆኗል።

ከዚህ ሙያ ተነሥቶ ወደ አደባባይ የወጣ ሰው ምሳሌ ለሚሻ፣ አድሚራል ዴቪድ ቲትሊን እጠቅሳለሁ። ቲትሊ በሜትሮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ ራሱ በአደባባይ እንደ ተናገረው መጀመሪያ ላይ በአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ ተጠራጣሪ ነበር፤ አቋሙን ያስለወጠው ማስረጃው ነው። በ2009 ባሕር ኃይሉ የአየር ንብረት ለውጥ ግብረ ኃይል ሲያቋቁም መሪ ሆነ፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ በዩኒቨርሲቲና በሕዝብ መድረኮች ማስረዳቱን ቀጠለ። ከእርሱም በፊት በ2007 አሥራ አንድ ጡረተኛ ጄኔራሎችና አድሚራሎች በጋራ ባወጡት ዘገባ የአየር ንብረት ለውጥን «ሥጋትን የሚያባዛ» ብለውት ነበር። ሥጋቱ በራሱ በሠራዊቱ ላይም ደርሷል፤ በጥቅምት 2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ በፍሎሪዳ የሚገኘውን የቲንደል አየር ኃይል ሰፈር አፈራረሰ፤ በመጋቢት 2019 ደግሞ የአየር ኃይሉ የአየር ሁኔታ ክንፍ የሚገኝበት፣ በነብራስካ ያለው የኦፈት ሰፈር ሲሶው በጎርፍ ተዋጠ። በዚያው በ2019 ግን የባሕር ኃይሉ ግብረ ኃይል ተዘጋ። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ መንግሥት ሲለወጥ የቢሮዎች ስምና ቁጥር እንደሚለዋወጥ፣ ልኬቱ ግን መርከቦችና አውሮፕላኖች እስካሉ ድረስ እንደሚቀጥል ከወዲሁ እንድትረዱት ነው። በስያሜው ላይ ተስፋውን የጣለ ወጣት ቶሎ ይሰበራል።

«እኛ የባሕር በር የሌለን ሕዝብ ከውቅያኖስ ምን አለን?» ለሚለኝ ሰው ሁለት ነገር አስታውሰዋለሁ። በ2015 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተፈጠረው ኃይለኛ ኤልኒኖ፣ ማለትም የባሕሩ ውኃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ የሀገራችንን የክረምት ዝናብ አዛብቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ታወጀ። በግንቦት 2018 ደግሞ ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ሶማሌላንድ ላይ ሲያርፍ፣ ጎርፉና ዝናቡ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረሰ። በሕንድ ውቅያኖስ እስከ አፍሪካ ጠረፍ ድረስ ለአሜሪካ ኃይሎች የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው በፐርል ሃርበር፣ ሃዋይ ያለው የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ የጋራ ማዕከል ነው። በእዚያ ማዕከል ሰሌዳ ፊት ከተቀመጡት ሰዎች መካከል የአካባቢያችንን ክረምትና በልግ ከልጅነቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ።

ወደ ሙያው የሚወስዱት መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። በባሕር ኃይል በባለሌላ ማዕረግነት የሚገቡት የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ሥልጠናቸውን የሚያገኙት በቢሎክሲ፣ ሚሲሲፒ በሚገኘው የኪስለር አየር ኃይል ሰፈር ነው። በመኮንንነት የሚገቡት ዲግሪ ይዘው ሲሆን፣ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ሄደው በባሕር ኃይሉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይሠራሉ። የሲቪል መንገዱን የመረጠ ሰው ሚሲሲፒ ውስጥ በስቴኒስ በሚገኘው የባሕር ኃይሉ የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት ወይም በሞንተሬይ የአየር ሁኔታን በኮምፒውተር ስሌት በሚተነብየው ማዕከል ሊቀጠር ይችላል። ልጃቸው ጠመንጃ እንዳይዝ ለሚሹ ወላጆች ደግሞ ብዙዎች የማያውቁትን መንገድ ልጠቁም፦ ኖአ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የብሔራዊ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር የራሱ ማዕረግተኛ የመኮንኖች ጓድ አለው፤ እነዚህ መኮንኖች የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ የምርምር መርከቦችንና ወደ አውሎ ነፋስ ውስጥ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ይመራሉ፤ መሣሪያ ግን አይታጠቁም። ለትምህርት ወጪ፣ ስማርት የተባለውን የመከላከያ ሚኒስቴር የትምህርት ዕድል ተመልከቱ፤ ይህ ዕድል ከአሜሪካ ዜጎች በተጨማሪ ለካናዳ፣ ለብሪታንያ፣ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ዜጎችም ክፍት ስለ ሆነ በእነዚያ ሀገሮች ያላችሁም ወገኖች ብታዩት መልካም ነው፤ የተከፈለላችሁን እያንዳንዱን የትምህርት ዓመት በአንድ ዓመት አገልግሎት እንደምትመልሱ ግን አትርሱ።

ሒሳቡን በተመለከተ ልስላሴ የለኝም። በአሜሪካ መንግሥት በሜትሮሎጂ ባለሙያነት ለመቀጠር ከሚጠየቀው ውስጥ 24 ሴሚስተር ክሬዲት የሜትሮሎጂ ወይም የከባቢ አየር ሳይንስ፣ ከእነዚህም 6ቱ የከባቢ አየር ዳይናሚክስ፣ ሌላ 6 ክሬዲት የአየር ሁኔታ ትንተናና ትንበያ፣ ከዚያ ውጭ በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ 6 ክሬዲት ፊዚክስና 3 ክሬዲት ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ይገኙበታል። በውቅያኖስ ሳይንስም ካልኩለስና ፊዚክስ ግዴታ ናቸው። «የአካባቢ ጥናት» በሚል ስም የተሰጠ ዲግሪ እነዚህን ላያካትት ይችላል፤ ለአየር ንብረት የሚቆረቆሩ ልጆቻችን ብዙዎቹ በስሙ ተስበው የሚገቡት ደግሞ ወደዚያው ነው። ካልኩለስን በሁለተኛ ደረጃ ያልጀመረ ልጅ አልዘገየም፤ ዲግሪውን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ይህን የሚሰማ ልጅ ግን በእርግጥ ዘግይቷል፤ እንዲህ ያሉ ወጣቶች ደጋግመው አጋጥመውኛል፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዜግነቱ ልምጣ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በባለሌላ ማዕረግነት መመልመል ይችላል፤ በሠራዊቱ በክብር ያገለገለም ዜግነት የሚያመለክትበት ልዩ መንገድ በሕጉ አለው። ነገር ግን መኮንንነት ለዜጋ ነው፤ በተለምዶ ክሊራንስ የምንለው የምስጢር ፈቃድም ለዜጋ ነው፤ የአየር ሁኔታና የውቅያኖስ ሥራ ደግሞ ያለ ክሊራንስ ብዙም አያስኬድም። ስለዚህ በግሪን ካርድ ቸኩሎ የሚመዘገብ ልጅ የፈለገውን ሳይሆን የተከፈተለትን ሙያ ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካን ዜግነት የሚወስድ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ታውቃላችሁ፤ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለምና በቤተሰብ ተነጋግራችሁ፣ ከማመልከቻው በፊት ወስኑት።

የክሊራንስ ቅጹ የውጭ ሀገር ዘመዶችን፣ የሰባት ዓመት የውጭ ጉዞን፣ በውጭ ሀገር ያለ ንብረትንና ለውጭ ዜጋ የተደረገ የገንዘብ ድጋፍን ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ ቅጹን ስሞላ ለአጎቴ በየጊዜው የምልከውን ገንዘብ «ይህ የቤተሰብ ነገር ነው፤ ማን ይጠይቀኛል» ብዬ ሳልጽፈው ቀረሁ። መርማሪው ፊት ቀርቤ ስጠየቅ ተናገርሁ፤ ገንዘቡ ምንም ችግር አልነበረበትም፤ አለመጻፌ ግን ችግር ሆኖ ጉዳዬን ለወራት አጓተተው። የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ። ዘመድ መኖሩ፣ ገንዘብ መላኩ፣ በስማችሁ ቤት መኖሩ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መያዛችሁ ብዙ ጊዜ ሊገለጽና ሊፈታ የሚችል ነገር ነው፤ መደበቅ ግን እንደ ውሸት ይቆጠራል። ከዛሬ ጀምሮ የምትልኩትን ገንዘብና የምትጓዙበትን ቀን መዝግቡ። ፈቃዱ ከተሰጣችሁም በኋላ ወደ ሀገር ቤት ከመብረራችሁ በፊት ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

ወደ ሙያው ከገባችሁ በኋላ ስለ አየር ንብረት መሟገት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ በወሰን። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ድምፁን ይሰጣል፤ የግል አስተያየቱን ለጋዜጣ ሊጽፍ ይችላል፤ ነገር ግን በደንብ ልብስ በፖለቲካ ስብሰባ ላይ አይቆምም፤ ለፓርቲ ወይም ለዕጩ አይሰብክም፤ ሲጽፍም የተቋሙ ሳይሆን የራሱ አስተያየት መሆኑን ይገልጻል። ሲቪል ሠራተኛውን በ1939 የወጣው የሃች ሕግ በሥራ ሰዓትና በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ከፓርቲ ቅስቀሳ ያግደዋል። የአየር ንብረት ለውጥ በራሱ ፓርቲ ስላልሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ ሳይንሱ ማስተማር የተፈቀደ ነው፤ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው የዕጩዎች ስም ሲነሣ ነው።

ከውጭ ሆናችሁ የምትሟገቱም ብትሆኑ፣ ጥያቄያችሁን በልኬቱ ላይ አድርጉት ብዬ እመክራለሁ። በሰኔ 2025 የመከላከያ ሚኒስቴር ሳተላይቶች የሚሰበስቡት የማይክሮዌቭ መረጃ ሥርጭት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚቆም ተነገረ፤ የአውሎ ነፋስ ተንባዮችና የባሕር በረዶ ተመራማሪዎች ይህ መረጃ ለምን እንደሚጠቅም በዝርዝር አስረዱ፤ በሐምሌ መጨረሻም ሥርጭቱ እንደሚቀጥል ተገለጸ። እንደዚህ ያለውን ጉዳይ ለምክር ቤት አባላችሁ ጽፋችሁ ስትልኩ የሳተላይቱን ስምና መረጃው የሚጠቅመውን መሥሪያ ቤት ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ «ምድራችንን አድኑ» የሚል ደብዳቤ በሺህ ይደርሳቸዋል፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ልጃችሁ ከመልማይ ጋር ለመነጋገር ከወሰነ አብራችሁት ሂዱ። በምልመላ ውሉ ላይ የሰፈረው የሙያ ስም የአየር ሁኔታ ሙያ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ ውሉ ራሱ በጽሑፍ ካልሰፈረ በቀር ማንም የሰጠው ተስፋ እንደማይከበር በግልጽ ይናገራል። ጠቅላላው የአገልግሎት ግዴታ የተጠባባቂነቱን ጊዜ ጨምሮ ስምንት ዓመት መሆኑንም ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ፊርማው በዚያው ቀን እንዲፈረም ቢገፋፏችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱና በማግሥቱ እንደ ገና አንብቡት።