መርከብ በምን ይበየዳል? ሸዋ ሮቢት ለሚገኘው ጠያቂ

ወንድሜ፣ «ትልቅ መርከብ የሚበየደው እኛ በርና መስኮት በምንሠራበት ኤሌክትሮድ ነው ወይስ ሌላ ማሽን አለው?» ብለህ ጠይቀሃል። «በሮቦት ነው» ብለው የመለሱልህ አሉ። ሮቦትም አለ፤ ግን ሥራው በዚያ አያልቅም። ደብረ ብርሃን ተመልሼ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር መርከብ መሥሪያ ግቢ ስድስት ዓመት በያጅ ነበርኩ።

የብየዳውን ዓይነት የሚወስነው ስፌቱ፣ ማለትም የሚበየደው መጋጠሚያ፣ ያለበት ቦታ ነው። መሬት ላይ ተዘርግተው የሚጋጠሙ ሰፋፊ ላሜራዎች ላይ በዱቄት ሥር የሚበይድ ማሽን ይነዳባቸዋል። ሽቦው ራሱ እየተመዘዘ ይገባል፤ ዱቄቱ ስለሚሸፍነው ብልጭታ አይታይም። መጀመሪያ ቀን ማሽኑ የጠፋ መስሎኝ አለቃዬን ጠርቻለሁ! በጎን ግድግዳ ሽቅብ የሚወጣው ረጅም ስፌት ደግሞ የቀለጠው ብረት እንዳይፈስ በውኃ በሚቀዘቅዝ የመዳብ ጫማ ተይዞ በአንድ ጉዞ ይበየዳል። እኔ ብዙውን ጊዜ የሠራሁት ግን ውስጡ ዱቄት በታጨቀ ሽቦና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ ከጀርባ የሸክላ ድጋፍ ተለጥፎ ከአንድ ወገን ብቻ ይበየዳል። ቀፎው፣ ማለትም የመርከቡ አካል፣ በየክፍሉ ተሠርቶ በክሬን ይገጣጠማል። ብዙው ክፍል የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ አንጋጦ ከመበየድ ጎንበስ ብሎ መበየድ ይቀላልና።

የእጅ ኤሌክትሮድ ለጠባብ ማዕዘንና ለጥገና ይቀራል። እሱም በር የምንሠራበት 6013 የተባለው ኤሌክትሮድ ሳይሆን 7018 የተባለው፣ ደርቆ መበየድ ያለበት ዓይነት ነው። ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ይደርቃል፣ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ዕቃ ተቆጥሮ ይሰጥሃል፣ የተረፈህን ትመልሳለህ። ነገሩ እርጥበት ነው። ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጂን ብረቱ ውስጥ ይቀርና ዛሬ ያማረ ስፌት በነጋታው ይሰነጠቃል። ለዚህም ነው አንዳንዱ ስፌት ከተበየደ 48 ሰዓት ሳይሞላው የማይፈተሸው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በተመለስኩ ሰሞን የአንድ ገልባጭ መኪና ሻሲ በየድኩ። ኤሌክትሮዱ ደብረ ሲና ጉም ውስጥ ፓኬቱ ተከፍቶ የከረመ ነበር፤ ማድረቂያ ምድጃም አልነበረኝም። ማታ አስረከብኩ። ጠዋት በውርጩ ባለቤቱ ይዞት መጣ፤ በስፌቱ ጠርዝ ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች።

ብርዱንም አትናቅ። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ወደብ ላይ፣ ጸጥ ባለ ውኃ እንደታሰረች ለሁለት ተሰነጠቀች። የዚያ ዘመን ብረት በብርድ እንደ ሸክላ ይሰባበር ነበር፤ ብየዳውም ጉድለት ነበረበት። በሪቬት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ በሚያያዝ የብረት ምስማር፣ የተያያዘ ቀፎ ላይ ስንጥቅ ላሜራው ጠርዝ ሲደርስ ሊቆም ይችላል፤ የተበየደ ቀፎ ግን አንድ ብረት ስለሆነ ስንጥቁን የሚያቆመው የለም።

አንተ ቆላ ስለሆንክ ውርጩ የእኛን ያህል አያሰጋህም፤ ኤሌክትሮድህን ግን አድርቅ። እኔ አሁን ጠዋት ወፍራም ብረት ከመንካቴ በፊት በጋዝ አሞቀዋለሁ። የገልባጩን ስፌት ፈልፍዬ አውጥቼ በነፃ ደግሜ በየድኩለት።