የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ እኔ ምን አገባኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ስሠራ ቆይቼ፣ ዘንድሮ ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ወደ አሜሪካ መጣሁ። ክፍላችን ውስጥ ጥቁር እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነን። ክፍል ውስጥ መናገር ነጥብ አለው። እኔ ግን የምለውን አስተካክዬ እጄን እስካወጣ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር «ነይ» ብሎ ጠርቶኛል። አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ያሳለፉትን አላሳለፍኩም፣ ጨዋታቸውም ሁልጊዜ አይገባኝም። ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ «ትምህርትሽን ያዢ፣ ከሐበሻ ጋር ሁኚ» ይለኛል። ብሄድ የሰው ቦታ የምሻማ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ሰ. ነኝ፣ ከኦሃዮ

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ ሂጂ። በዚህ ሳምንት ስብሰባ ካላቸው በዚህ ሳምንት ሂጂ።

እኔም እዚሁ አሜሪካ ቢዝነስ ስኩል ተምሬያለሁ። ያንን ክፍል አውቀዋለሁ። ማታ ስለ አንድ ኩባንያ ችግር የተጻፈ ኬዝ ታነቢያለሽ። ጠዋት ፕሮፌሰሩ ሳያስጠነቅቅ የአንዱን ስም ይጠራል። ከዚያ እጅ ይግተለተላል። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ሳይጨርስ አትናገሪ ተብለን ያደግን ነን።

ከዚህ ጭንቀት ያወጣችኝ የእኛ ትምህርት ቤት የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አባል ናት፤ ከዲትሮይት የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። አንድ ማታ ኬዜን ተቀብላ፣ መጨረሻ ገጽ ላይ ካለው ሰንጠረዥ አንድ ቁጥር በእስክሪብቶ አከበበችልኝ። «ነገ መጀመሪያ ላይ ይህን ቁጥር ተናገሪ። ምን እንደሚያሳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። ከዚያ ዝም በይ» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ፕሮፌሰሩ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ የቀረው ውይይት እሱን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ አላስፈራኝም። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ላይ አታገኚውም። ከአንቺ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጨነቀው ሰው ነው የሚነግርሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ ልምጣ። የሰው ቦታ እሻማለሁ ብለሽ መስጋትሽን ወድጄዋለሁ። ግን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዴት እንደተጀመረ ስሚ።

ሊሊያን ሊንከን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። አስተማሪዋ ኔይለር ፊትዝሂዩ በ1933 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) ከሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል የተመረቁ ጥቁር ምሁር ናቸው። «አንቺም እዚያ ግቢ» እያሉ ገፋፏት። በ1967 ገባች። በዓመቷ የገቡት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ዓመት፣ እሷና አራት ጓደኞቿ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ዲኑ ቢሮ ሄደው ብዙ ጥቁር ተማሪዎች እንዲገቡ ጠየቁ። በቀጣዩ መግቢያ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አደገ። እሷ በ1969 ተመረቀች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ኤምቢኤ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ1976 ሜሪላንድ ውስጥ ከቤቷ ጋራዥ ተነስታ የሕንፃ ጽዳት ኩባንያ ከፈተች። ኩባንያው ከሺህ በላይ ሠራተኛ እስከ መቅጠር ደርሷል።

ልብ በይ። አምስቱ ለራሳቸው አልጠየቁም፤ እነሱማ ገብተዋል። የጠየቁት ለማያውቁት ሰው ነው። አንቺም ከእነዚያ ከማያውቋቸው ሰዎች አንዷ ነሽ። ከአፍሪካ ለምንመጣ ሰዎች በሩን ሰፋ አድርጎ የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በዚያው የመብት ትግል ዘመን ነው።

«ያሳለፉትን አላሳለፍኩም» ላልሽው፣ አንቺ ካለሽበት ኦሃዮ አንድ ሰው ልጥራልሽ። ዶክተር መላኩ በያን በ1920ዎቹ እዚያው ማስኪንገም ኮሌጅ ተምረዋል። ሕክምናን ሃዋርድ ገብተው አጠኑ፤ ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ጣሊያን ሲወረን ለኢትዮጵያ ገንዘብና ድምፅ ያሰባሰቡት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ሆነው ነው። በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው በእሳቸው መሪነት ነው። ያኔ በኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር፣ ሃርለም ውስጥ ሳንቲም ያዋጡልን ሰዎች አገራችንን አይተዋት አያውቁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንዶቻችን ጥቁር አሜሪካውያን ፊት «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ባርነት አናውቅም» ማለት እንወዳለን። እባክሽ ይህን አትበዪ። ሰው ያቆስላል፤ ባርነት አናውቅም ማለቱ ደግሞ እውነት አይደለም። በእኛም አገር ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ ኖሯል፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። መጀመሪያ አድምጪ። ጨዋታው ካልገባሽ ጠይቂ፤ ደስ ብሏቸው ይነግሩሻል። ለባሪያ ዘሮች ተብሎ የተለየ ስኮላርሺፕ ካለ እሱን ለባለቤቶቹ ተዪው። የቀረው፣ ጥናቱም፣ እራቱም፣ የሥራ ፍለጋውም፣ ያንቺም ነው።

ስለ ሥራ ፍለጋው ትንሽ ልጨምር። የበጋ ኢንተርንሺፕ (ጊዜያዊ የልምምድ ሥራ) ፍለጋ ገና ሳትደላደዪ ነው የሚጀምረው። የሁለተኛ ዓመት ልጆች ሬዙሜሽን ያርሙልሻል። ኢንተርቪውም ያለማምዱሻል። «የአንድ ካፌ ትርፍ ቀነሰ፣ ለምን?» ብለው ይጠይቁሻል። አንቺ ከዳር ጀምረሽ ስታብራሪ ያስቆሙሻል፦ «መልሱን አስቀድሚ፣ ምክንያቱን አስከትዪ።» በ1970 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ብሔራዊ የጥቁር ኤምቢኤ ማኅበርም በየዓመቱ ትልቅ ጉባኤና የሥራ አውደ ርዕይ አለው። ተማሪዎች ሆቴልና መኪና ተጋርተው ይሄዳሉ። ብቻሽን ብትሄጂ ወጪው ይከብድሻል።

ማኅበሩ ሁሉን ይፈታልሻል ግን አልልም። የቪዛ ነገር ለአብዛኞቹ አባላት ባዳ ነው። ለዚያ የአፍሪካ ቢዝነስ ክበብ ካላችሁ ግቢ፤ የውጭ ተማሪዎች ቢሮንም ጠይቂ። ስትመረቂ ኦፒቲ፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ የመሥራት ፈቃድ፣ የሚሰጥሽ 12 ወር ነው። ፕሮግራምሽ በስቴም (በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ዘርፍ) ከተመዘገበ 24 ወር ሊጨመርልሽ ይችላል። ይህን ዛሬውኑ አጣሪ። ኩባንያ ስታናግሪም ለሥራ ቪዛ ስፖንሰር ያደርግ እንደሆነ መጀመሪያውኑ ጠይቂ፤ ነውር የለውም።

አጎትሽን አትቀየሚያቸው። ብቻሽን ባዕድ መሃል እንዳትቀሪ ፈርተው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ከሐበሻ ጋር ቡና ጠጪ። ሐሙስ ማታ ማኅበሩ ጋ ብትሄጂ ከዚህ የሚጎድል ነገር የለም። ምን እንደምትሠሩ ለአጎትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ሲሰሙ ይለዝባሉ።

ስትሄጂ ታዲያ ጥግ ይዘሽ አትቀመጪ። ዕድር ለቅሶ ሲደርስ አይገባም። ማኅበሩም እንደዚያው ነው፤ ኢንተርቪው ሲቃረብ ብቻ ብቅ የምትዪበት አይደለም። የባንክ ሰው ነሽ፤ ሒሳብ ያዡን «ምን ላግዝ?» በይው። ለጉባኤ የሚወጣውን በጀት የሚያስተካክል ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ጸደይ ሲቃረብ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አዲስ ተቀባይነት ላገኙ ተማሪዎች የሚደውሉት የማኅበሩ አባላት ናቸው። ልምጣ አልምጣ እያለች የምታመነታ ልጅ አትጠፋም። ለዚያ ሥራ ስምሽን ከአሁኑ አስመዝግቢ።