ስለ ጊዛ ምጣድና ድስት ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ገበያ አንድ ከባድ ጥቁር ምጣድ ገዛሁ። ጊዛ ይሁን ላሜራ በምን ልለየው?

መልስ፦ ቡና የምንቆላበት ብረት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከላሜራ የተሠራ ስስ ዕቃ ስለሆነ ሲመታ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ጊዛ ግን ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ፣ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት በመሆኑ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ከእጅ ቢያመልጥ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። እጀታው ያለ ብየዳና ያለ ብሎን ከምጣዱ ጋር አንድ ሆኖ የወጣ ከሆነ ጊዛ መሆኑን ብዙም አይጠራጠሩ። ከመግዛትዎ በፊት አንጠልጥለው በእንጨት ማንኪያ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር የመጣልኝ ምጣድ ግርጌው ላይ በክብ ውስጥ መስቀልና «ግሪስዎልድ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ስንት ዓመት ይሆነዋል?

መልስ፦ ግሪስዎልድ በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ኢሪ ከተማ የነበረ ፋብሪካ ነው፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1865 ሲሆን የኢሪው ፋብሪካ የተዘጋው በ1957 ነው። ስሙ ከዚያ በኋላም በሌሎች ባለቤቶች እጅ ስለቆየ ጽሑፉ ብቻውን ዕድሜ አይመሰክርም፤ ከግርጌው «ኢሪ» የሚለው የከተማው ስም መኖሩንም ይመልከቱ። ምንም ጽሑፍ ሳይኖረው ግርጌውን የሚያቋርጥ ጠባሳ የመሰለ መስመር ያለበት ምጣድ ካጋጠመዎት ግን አይለፉት፤ ያ የቀለጠው ብረት የገባበት በር ምልክት ነው፣ ዕቃውም በአብዛኛው የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ክረምት በገባ ቁጥር ድስቴ ይዝጋል። ቤቴ ሐይቁ ዳር ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእኔም አንዱ ምጣድ ነሐሴን ሙሉ ክዳኑ ተገጥሞበት ከርሞ መስከረም ላይ እንደ ሸክላ ቀልቶ አግኝቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የጣናው እርጥበት ሳይሆን የእኔ ክዳን ነበር፣ አየር ነሥቶታልና። ዝገቱን ለማስለቀቅ አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅለው ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይዘፍዝፉት፤ አቼቶው ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ብረቱንም መብላት ስለሚጀምር ማሳደር አይገባም። ከዚያ ፈትገው፣ አጥበው፣ ወዲያውኑ እሳት ላይ ያድርቁትና ያሟሹት።

ማሟሸት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይተናል። ልዩነቱ ሸክላው ቀዳዳው ሲደፈን፣ ጊዛው ላይ ግን ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ እንደ ቀለም የደረቀ ሽፋን መሥራቱ ነው። ለዚህ የጎጃም ኑግ ዘይት ተስማሚ ነው፣ በባሕርዩ የሚደርቅ ዘይት ነውና፤ ቅቤ ግን ሳይደርቅ ቀርቶ ይሸታል። ዘይቱን ከቀቡ በኋላ ምንም ያልቀቡ እስኪመስል በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የሚያጣብቅ ምጣድ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህችን ጥርጊያ የዘለለ ነው። ኦቭን ካለዎት ደፍተው በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ከሌለ በከሰል ላይ ጭሱ እስኪያበቃ ድረስ እያዟዟሩ ያግሉት። ሦስት አራት ጊዜ ይደግሙታል።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ ዓሣ በሎሚ፣ ወጥም በቲማቲም ብሠራበት ይጎዳል?

መልስ፦ ዓሣውን ጠብሰው ካወጡት በኋላ ሎሚውን ይጭመቁበት። ቲማቲም ረጅም ሰዓት ከተንተከተከበት ሽፋኑን ያነሣል፣ ወጡም ብረት ብረት ይላል። ወደ ምግቡ የሚገባው ብረት ግን ጥቅም አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በትግራይ የተካሄደ ጥናት በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የተመገቡ ሕፃናት የደም ማነሳቸው በአሉሚኒየም ድስት ከበሰለላቸው ይልቅ መሻሻሉን አሳይቷል።

ጥያቄ፦ በሳሙና ይታጠባል?

መልስ፦ ይታጠባል። ውኃ ውስጥ አያሳድሩት እንጂ።

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ያገኘሁት ትንሽ የጊዛ ድስት ውስጡ ግራጫ ነገር ተጣብቆበታል። በማሟሸት ይለቃል?

መልስ፦ እባክዎ ምግብ አይሥሩበት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ድስቶች እርሳስ የተባለውን ማዕድን ለማቅለጥ ያገለገሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግራጫው ነገር በጥፍር ሲፋቅ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ማጠብም ማሟሸትም ዕቃውን ለምግብ አያበቃውም፣ እሳት ላይ አግሎ ለማስለቀቅ መሞከርም መርዛማ ጭስ ያስነሣል። ቅርጹ ከማረከዎት ሕፃናት በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፣ ሲነኩትም እጅዎን ይታጠቡ።