ጽሑፉን ከመላክሽ በፊት የኤቲክስ ደብዳቤሽን አውጥተሽ አንብቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የመመረቂያ ጥናትሽን ወደ አርቲክል ቀይረሽ ጨርሰሻል። አማካሪሽ በዚህ ሳምንት ለሕክምና ጆርናል ላኪው ብሎሻል። አንቺ ደግሞ እንግሊዝኛው ይበቃ ይሆን ብለሽ ተጨንቀሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ሰዋስው ማረሚያ ብዙ ብለዋል፤ እኔ ወደ ሌላ ነገር ልውሰድሽ። እንግሊዝኛ ይታረማል። ሠንጠረዥ ይታረማል። ሪፈረንስ ይታረማል። ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ለማረም መከራ የሚያሳይ ነገር አለ፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። ያንቺም ጥናት እንደኔው ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ በመጠየቅና ካርድ በማገላበጥ የተሠራ ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. የኤቲክስ ደብዳቤ። ክሊራንሱን፣ ማለትም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥናትሽን የፈቀደበትን ደብዳቤ፣ ፋይል ውስጥ ከተሽ ረስተሽዋል አይደል? አውጪው። ርዕሱን፣ የጥናቱን ቦታ፣ የተመራማሪዎቹን ስም፣ ፈቃዱ የሚያገለግልበትን ጊዜ ከጽሑፍሽ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። ዳታ መሰብሰብ የጀመርሽበት ቀን ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን የሚቀድም ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው፤ ደንቡን የሚያከብር ኮሚቴ ላለቀ ጥናት ወደ ኋላ ሄዶ ፈቃድ አይሰጥም። ርዕሱ በጥቂቱ ቢለያይ ችግር የለውም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራል። ቦታው ከተለያየ ግን ይጠይቁሻል።

እኛን ጠየቁን። ጥናቱ ከወለዱ በኋላ ደም ግፊታቸው አልወርድ ያለ እናቶችን የሚመለከት ነበር። ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ የጥናቱ ቦታ አንድ ሆስፒታል ነበር። በኋላ የናሙናው ቁጥር እንደማይሞላ ታየና ሁለተኛ ሆስፒታል ለመጨመር ወሰንን። ማሻሻያውን ጽፌ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። በእጄ የቀረው ቅጂ ጥግ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አስመታሁ፤ ቁጥርና ቀን ያለው። ኮሚቴው ተሰብስቦ አጸደቀው። ቀጥል የሚል አጭር ኢሜይልም መጣልኝ። ደብዳቤው ግን «ይደርስሃል» እንደተባለ ቀረ። በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ ያው ነው፤ ይደርስሃል።

አርቲክሉን ላክነው። ጆርናሉ ሜድላይን በሚባለው የተመረጡ የሕክምና ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ ያለ፣ ስም ያለው ነው። ገና ገምጋሚ ጋ ሳይደርስ ከኤዲቶሪያል ቢሮው መልእክት መጣ። ያያያዛችሁት ፈቃድ የሚጠቅሰው አንድ ሆስፒታል ነው፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን ሁለት አሉ፣ የማሻሻያውን ፈቃድ ላኩልን ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሁለተኛው ሆስፒታል እናቶች በማን ፈቃድ እንደተጠየቁ ማወቅ የኤዲተሩ ግዴታ ነው።

የኔ ጣጣ የመጣው ከራሳችን ጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ጥናቱ አልቋል አይደል እንዴ? አሁን ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ፋይሉ አልተገኘም። ፋይል የሚይዘው ሰው የዓመት እረፍት ላይ ነው። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ሳሳያት «ይሄ ገባ ማለት ነው እንጂ ጸደቀ ማለት አይደለም» አለች። ልክ ናት፤ ግን የጸደቀበትን ወረቀት የያዙት እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህን ስጽፍልሽ አሁንም ያበግነኛል። የኮሚቴው ሥራ ታካሚን መጠበቅ ነው። የትኛው ጥናት የት ሆስፒታል እንደተፈቀደ መዝግቦ ካልያዘ ታካሚውን በምን ይጠብቀዋል? መብቴን ልጠይቅ ሄጄ እንደ ለማኝ በር ላይ ቆምኩ።

ጆርናሉ የሰጠን ቀን ሲቃረብ ከቢሮው ሠራተኞች አንዱ አዘነልኝ። «በድሮው ቀን እንጻፍልህና ማኅተም እንምታበት፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። ሊረዳኝ ብሎ ነው። አንቺም ይህን ትባዪ ይሆናልና አደራሽን፣ እንዳትቀበዪ። ያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ጽሑፉ ታትሞ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ቢደረስበት ሪትራክት ይደረጋል፣ ይሻራል ማለት ነው፤ ማስታወቂያውም ከስምሽ ጋር ተያይዞ ይኖራል። እምቢ አልኩ። ቀኑ አለፈ። ጆርናሉ ፋይሉን ዘጋው።

መፍትሔው የተገኘው ከቃለ ጉባኤው ነው። ሰብሳቢውን ራሳቸውን ከስብሰባ ሲወጡ ጠብቄ አገኘኋቸው። «ደብዳቤ ጻፉልኝ አልልም፤ የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ብቻ ይታይልኝ፣ መግቢያ ቁጥሬ ይኸው» አልኳቸው። መዝገቡ ወጣ። ከሌሎች ጥናቶች መሃል አንድ መስመር ላይ የኛ ርዕስ፣ የሁለተኛው ሆስፒታል ስም፣ ከጎኑ «ጸድቋል» የሚል፣ ከታች የአባላቱ ፊርማ። በዚያ መሠረት ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ይዞ፣ ማሻሻያው በዚህ ቀን በተደረገው ስብሰባ ጸድቋል ይላል። ልዩነቱን ልብ በይ፤ ደብዳቤው የዛሬ ነው፣ ውሳኔው የያኔ ነው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ማንም ቢጠይቅ የሚቆም ሰነድ ማለት ይህ ነው። ቃለ ጉባኤ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ለዚህ ነው ለአንቺ የምነግርሽ። ሁኔታውን ከጽሑፉ ጋር በሚላከው ደብዳቤ (በካቨር ሌተሩ) ላይ አስረድተን ለዚያው ጆርናል እንደ አዲስ ላክነው። ገምጋሚ ጋ ሄደ፣ ታረመ፣ ታተመ። ዛሬ ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ይገኛል፣ እኮራበታለሁም።

ስለዚህ ሜተድስ (የጥናቱ ዘዴ) ክፍልሽ ውስጥ የኮሚቴውን ሙሉ ስም፣ የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ጻፊ። ታካሚዎቹ የተስማሙት በፊርማ ነው ወይስ በቃል? ካርድ ብቻ ያየሽበት ክፍል ካለ ኮሚቴው ያለ ስምምነት እንድታዪ ፈቅዷል? ይህም ይጻፍ። ብዙ ሰው «ጥናቱ በሄልሲንኪ ድንጋጌ መሠረት ተሠርቷል» ብሎ ያልፋል። ድንጋጌው በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በ2024 የተሻሻለ ትልቅ ሰነድ ነው፤ ስሙን መጥራት ግን የፈቃድ ቁጥርን አይተካም። ጥናትሽ ሕክምና ሰጥቶ የሚያወዳድር ሙከራ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት ሙከራው በሕዝብ መዝገብ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ዘግይተሽ ከተመዘገብሽ ብዙ ጆርናሎች በር ላይ ይመልሱሻል።

2. ስሞቹ። ይህም በኋላ ሲነካ የሚያምም ነው። ያው የጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ የደራሲነት መስፈርቶች ብሎ 4 አስቀምጧል፦ ለጥናቱ ሐሳብ፣ ለዳታው ወይም ለትንተናው እውነተኛ አስተዋፅኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በይዘቱ ላይ ጠንካራ እርማት መስጠት፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። ከአራቱ አንዱ ሳይሆን አራቱም መሟላት አለባቸው። መጠይቅ ብቻ የሞሉልሽ ነርሶች ምስጋና ክፍል ውስጥ በክብር ይጠቀሱ። የክፍል ኃላፊ መሆን ብቻውን ደራሲ አያደርግም። እኛ ጋ ፋይሉን አንድ ቀን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ጽሑፉ ሊታተም ሲል ስሜ የታለ ብሎ መጣ። ከተላከ በኋላ ስም ለመጨመር ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳትና የሁሉንም ደራሲዎች ፊርማ ማምጣት ያስፈልጋል። ያንን ሲሰማ ተወው። አንቺ ከመላክሽ በፊት የስሙን ቅደም ተከተል በኢሜይል ላኪና ሁሉም «ተስማምቻለሁ» ብለው ይመልሱልሽ። ጽሑፉን ለማቃናት ቻትጂፒቲ ከተጠቀምሽም ግለጪ። ኤአይ ደራሲ ሊሆን አይችልም፤ ስለ ይዘቱ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

3. ጆርናሉ። የራስሽን ሪፈረንስ ዝርዝር እዪ። ደጋግመሽ የጠቀስሻቸው አርቲክሎች የወጡበት ጆርናል ላንቺም ሊሆን ይችላል። «የተከበሩ ዶክተር፣ ድንቅ ሥራዎን አንብበን» ብሎ በኢሜይል የሚጋብዝሽን፣ በጥቂት ቀን እናትማለን የሚልሽን ሽሺ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ያወጣውን ምርመራ አስታውሺ። ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት የውሸት ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ከገባሽ መውጣትም ችግር ነው፤ ጽሑፌን መልሱልኝ ስትዪ ለማውጣት ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። ክፍት ጆርናል (ማንም በነፃ የሚያነበው) ከሆነ ዲኦኤጄ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ዝርዝር ላይ ፈልጊው። ፐብሜድ ላይ መገኘትና ሜድላይን ውስጥ መካተት አንድ እንዳልሆኑም እወቂ። ፐብሜድ ላይ የሚታይ ሁሉ በሜድላይን ምርጫ ያለፈ አይደለም። የማሳተሚያ ክፍያ ከከበደሽ ቅናሽ ወይም ነፃ ማድረጊያ የሚጠየቀው ስትልኪ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚመጣን ጥያቄ አያዩም።

የቀረውን በችኮላ ልንገርሽ። ስትሮብ የሚባለውን ማረጋገጫ ዝርዝር ኢኳተር ከሚባለው የጥናት አዘጋገብ መመሪያዎች ድረ ገጽ አውርጂ። ሕክምና ሳይሰጥ በመመልከት ብቻ ለሚሠራ፣ ላንቺ ዓይነት ጥናት የተዘጋጀ ነው፣ 22 ነጥቦች አሉት። ሰው የገጽ ቁጥር እየሞላ ለማያያዝ ብቻ ያወርደዋል። እኔ ግን ጽሑፉን ያረምኩበት እሱን ይዤ ነው። ስንት ታካሚ ተጋበዘ፣ ስንቱ እምቢ አለ፣ የጎደለ ዳታ ምን ተደረገ የሚለውን ገምጋሚው ሳይጠይቀኝ መልሼ ጠበቅኩት።

አብስትራክቱ (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ከሠንጠረዡ ጋር አስተያዪ። በእጅሽ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረግሽ። አብስትራክት መጀመሪያ ተጽፎ ትንተናው በኋላ ስለሚስተካከል 38.2 የነበረው 38.7 ሆኖ ይገኛል፤ ገምጋሚ ይህን ካየ ሌላውንም አያምንም። ኤስፒኤስኤስ ከሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የወጣውን ፒ ቫልዩ «0.000» ብለሽ እንዳትገለብጪ፤ ከ0.001 በታች ተብሎ ነው የሚጻፍ። ኦድስ ሬሾሽን (የሁለት ቡድኖችን ዕድል የሚያነጻጽረውን ቁጥር) ብቻውን አታቁሚው፣ ከ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ጋር ይሁን። ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የለካሽበት ጥናት «አስከትሏል» የሚል ግስ አይሸከምም፤ «ተያይዞ ተገኝቷል» በዪ። የኛን ጽሑፍ ሁለተኛው ገምጋሚ ያመሰገነው በዚህ ነበር። ድምዳሜያችሁ ከዳታችሁ አልዘለለም ብሎ ጻፈ። እስካሁን ደስ ይለኛል።

ካቨር ሌተሩ አጭር ይሁን። ምን እንዳገኘሽ፣ ለምን ለነሱ አንባቢ እንደሚጠቅም፣ ሌላ ጆርናል ጋ እንዳልተላከ። አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ክልክል ነው፤ ቢቸኩልሽም አታድርጊው። ለሌላ ጆርናል ስታዞሪው ደብዳቤው ላይ የድሮው ጆርናል ስም ቀርቶ እንዳይሆን ተጠንቀቂ።

ኤዲተሩ ለገምጋሚ ሳይልክ ከመለሰው አትሰበሪ። ብዙ ጊዜ ርዕሰ ጉዳዩ ከጆርናሉ ጋር አለመገጣጠሙ ነው፤ ቅርጹን አስተካክለሽ ለሚቀጥለው ላኪ። «ሜጀር ሪቪዥን» (ሰፊ እርማት አድርጊና መልሺ የሚል) ከመጣልሽ ደግሞ መልካም ዜና ነው፣ በሩ ተከፍቷል። ገምጋሚው ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ሳትቆርጪ ገልብጪ፣ ከሥሩ መልስሽን፣ ከዚያ የተለወጠውን ዓረፍተ ነገር ከገጽና ከመስመር ቁጥሩ ጋር አስቀምጪ። የማትስማሚበት ቦታ ምክንያትሽን በማስረጃ ጻፊ፤ መቃወም ይፈቀዳል፣ መዝለል ግን አይፈቀድም።

ለአማካሪሽ አንድ ሳምንት ጨምርልኝ በዪውና ነገ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ኤቲክስ ጽሕፈት ቤቱ ሂጂ። ማሻሻያ አስገብተሽ ከነበረ መግቢያ ቁጥሩን ይዘሽ ሂጂ፣ የጸደቀበትን ደብዳቤ ጠይቂ። ፋይሉ የለም ካሉሽ ቃለ ጉባኤው ይታይልኝ በዪ፤ እሱን የለም ማለት ይከብዳቸዋል። ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለሰብሳቢው ያስገባሁት ማመልከቻ በእጄ ስላለ ስሙን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።