ስደተኛ ወይስ ተፈናቃይ?

ጥያቄ፦ ስለ መንግሥታት የጦር ቃል ኪዳን፣ ስለ ግጭትና ስለ ስደት የተጻፈ የጸጥታ ፖሊሲ ጥናት ደብረ ማርቆስ ሆኜ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ከመተከል ወጥተው ቻግኒ አጠገብ የተጠለሉትን «ስደተኞች» ብዬ ብጽፍ አራሚዬ ሰርዘው «ተፈናቃዮች» አደረጉት። በሌላ ገጽ ድንበር የተሻገሩትንም ጨምረው ሁሉንም «ተፈናቃዮች» ብለዋል። ትክክሉ የትኛው ነው? «ጥምረት» እና «ቃል ኪዳን» የሚሉትንስ እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ አራሚዎ በመጀመሪያው ገጽ ሕጉን ይዘዋል። በሁለተኛው ገጽ ግን አልከተላቸውም፤ እርስዎም አይከተሏቸው።

ከሥሩ እንነሳ። ዛሬ «ሰደደ» ስንል «ላከ» ማለታችን ነው፤ ይህ ቃሉ ከለዘበ በኋላ ያገኘው ፍቺ ነው። በዋሸራም ሆነ በዲማ ቅኔ ቤት የግእዝ ግስ ሲወርድ «ሰደደ» ማለት አባረረ፣ አሳደደ ነው። ወንጌሉ «ብፁዓን እለ ይሰደዱ በእንተ ጽድቅ» ሲል ስለ ጽድቅ የሚገፉትን ነው የሚያመሰግነው፤ ከቤታቸው ይውጡ አይውጡ አልጠየቀም። «ሰደድ እሳት» የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ በስደት ውስጥ ቀድሞ ያለው አሳዳጁ ነው፤ መንገዱ የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ሰውን ስደተኛ ለማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት እንዲኖረውና ከአገሩ ውጭ እንዲገኝ ይጠይቃል። ፍርሃቱንና መሳደዱን ቃላችን ከጥንትም ይዞት ነበር። ድንበሩን የጨመረው ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የውጭ ወረራንና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ያወከ ሁከትን ጨምሮ ትርጉሙን አሰፋው፤ ድንበሩን ግን አላነሳውም።

«ስደተኛ» ድንበር ለተሻገረ ብቻ እንዲጠብ የራሳችን ታሪክም እጁ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ፣ ከባሕር ማዶ የተመለሰው «ስደተኛ»፣ አምስቱን ዓመት በዱር የተዋጋው «አርበኛ»፣ ለጣሊያን ያደረው «ባንዳ» ተባለ። ሹመት ሲደለደል ከእነዚህ ማን ይቅደም የሚለው ቅሬታ በጎጃም ረጅም ዕድሜ ነበረው። ስደተኛ የሚለው ስም ከውጭ አገር ጋር በዚያ ዘመን መጣበቁን አልክድም።

አሁን ወደ «ተፈናቃይ»። ፈነቀለ የሚባለው መሬት ውስጥ የተቀበረን ድንጋይ በዲጅኖ ከሥሩ መንግሎ ማንሳት ነው፤ «መፈንቅለ መንግሥት» የተባለውም በዚሁ ነው። አንዳንዶች «ተፈናቀለ ተደራራጊ ስለሆነ እርስ በርስ መፈነቃቀልን ያመለክታል፤ ተፈናቃይም የአድራጊ ስም ስለሆነ ጥፋቱን በተጎጂው ላይ ይጥላል» ይላሉ። ክርክሩ አያስኬድም። ተሰናከለም መልኩ ተደራራጊ ነው፤ የተሰናከለ ሰው ግን ከማንም ጋር አልተሰነካከለም። ተከሳሽስ ማንን ከሰሰ? ስለዚህ ቃሉ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። እኔ የማልወደው ለድንጋይ የተበጀ ግስ ለሰው መሰጠቱን ነው። ድንጋይ አሳዳጅ የለውም፤ ሰው ግን አለው፤ «ተፈናቃይ» ብለን ስንጽፍ አሳዳጁ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ይህን ማስረጃ አለኝ ብዬ አይደለም የምለው፤ ጆሮዬ አይቀበለውም።

ሆኖም ቃሉ በአጠቃቀም ጸንቷል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የካምፓላ ስምምነት በአማርኛ የምንጠራው በአገር ውስጥ ስለተፈናቀሉ ሰዎች የተደረገ ስምምነት እያልን ነው። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ድንበር ተሻግረው የመጡትን ይመለከታል። የቻግኒዎቹን «ተፈናቃዮች» ይበሏቸው።

ወደ ሁለተኛው ገጽ እንመለስ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በግዳጅ ከቀያቸው የወጡ ብሎ የቆጠራቸው ሰዎች 117.3 ሚሊዮን ናቸው፤ በገዛ አገራቸው ውስጥ ያሉት ከእነዚህ 68.3 ሚሊዮኑ ነበሩ። «117.3 ሚሊዮን ተፈናቃዮች» ብለው ከጻፉ ሕጉን የለመደ አንባቢ ሁሉም ድንበር እንዳልተሻገሩ አድርጎ ያነበዋል፤ የጥናቱ ስሌት በአንድ ቃል ተበላሸ ማለት ነው። ለጠቅላላው «በግዳጅ ከቀያቸው የወጡ» ይበሉ። ድርጊቱን በአንድ ቃል መጥራት ሲፈልጉ «ስደት» አለልዎ፤ ቤቱን ጥሎ አባይን ያልተሻገረውንም፣ ሱዳን የገባውንም ይይዛል። ስደተኛ የሚለው የሰው ስም ጠበበ እንጂ ስደት የሚለው የድርጊት ስም አልጠበበም፤ እሱን አሳልፌ አልሰጥም።

የጥምረትና የቃል ኪዳን ነገር ይቀላል። ኪዳን ከግእዙ «ተካየደ»፣ ማለትም ተዋዋለ፣ ተማማለ ከሚለው የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው ኔቶ በአምስተኛው አንቀጹ በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረን ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ስለሚቆጥር «የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት» መባሉ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢራቅን ከኩዌት ለማስወጣት እንደተሰባሰበው ላለ፣ ለአንድ ዘመቻ ተቋቁሞ ዘመቻው ሲያልቅ ለሚበተን ኃይል ግን «ጥምረት» በቂ ነው።