ከሉፕ የወጣው ማካፈል ለምን ፕሮግራሙን ገደለው?

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሚማር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ትንሽ ኮምፓይለር (የፕሮግራም ጽሑፍን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ሠርቻለሁ። አሁን ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም የሚወጣውን ኮድ የሚያፈጥን ማሻሻያ፣ እየጨመርኩበት ነው። ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ የማይለዋወጥ ስሌት ካለ ከሉፑ በፊት እንዲሰላ አደረግኩ። መሞከሪያዬ ጣና ዳር ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች የቀኑን ዓሣ ለየጀልባው የሚካፈሉበት ፕሮግራም ነው። አንዳንድ ቀን ድንገት ይቆማል፤ ኦፕቲማይዜሽኑን ሳጠፋው ይሠራል። ቀጥዬ ኢንላይኒንግ (የፈንክሽንን ኮድ በተጠራበት ቦታ መተካት) እና ሉፕ መዘርጋት (የሉፑን ኮድ ደጋግሞ ጽፎ ዙሩን መቀነስ) ልጨምር ነበር። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ የሚቆምበትን ቀን ዳታ እየው። ጀልባ ያልወጣበት ቀን መሆን አለበት። የጀልባው ብዛት 0 ሲሆን ሉፑ አንዴም አይዞርም፤ «ጠቅላላ ኪሎ ሲካፈል ለጀልባ ብዛት» የሚለው መስመር ጋም አይደረስም። አንተ ከሉፑ በፊት ስታወጣው ግን የግድ ይሠራል። ለዜሮ ማካፈል መጣ ማለት ነው። በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ፕሮግራሙ እዚያው ይገደላል። ብዙ ስልኮች ላይ ያለው ባለ 64 ቢት ኤአርኤም ፕሮሰሰር ግን ዝም ብሎ 0 ይሰጥና ያልፋል። ስለዚህ ስልክ ላይ ሠራልኝ ብለህ እንዳትዘናጋ።

ሐሳቡን እንዳትተወው። ማካፈል ከመደመር በጣም የሚከብድ ሥራ ነው፤ ከሉፕ ማውጣትህ ልክ ነው። የሉፑን ቅርጽ ግን ቀይር። ሁኔታውን ከላይ የሚፈትሸውን ሉፕ፣ መጀመሪያ አንዴ በ«ከሆነ» ፈትሾ የሚገባ፣ ከዚያ በኋላ ከታች የሚፈትሽ አድርገው። ያወጣኸውን ስሌት «ከሆነ» ካለፈ በኋላ፣ ሉፑ ሳይጀምር አስቀምጠው። ታዋቂው የኮምፓይለር መሥሪያ ኤልኤልቪኤምም ቅድሚያ ሉፑን እንዲህ አዙሮ ነው ስሌት የሚያወጣው። ማካፈሉ ሉፑ ውስጥ ሌላ «ከሆነ» ሥር ካለ ግን አትንካው።

ወደ ዕቅድህ ስመጣ፣ ሉፕ መዘርጋቱን ለጊዜው ተወው። ኮዱን ያሳብጠዋል፤ ትርፉም እንደ ፕሮሰሰሩ ይለያያል። ይልቅ መካከለኛ ኮድህን (ኮምፓይለርህ ከመተርጎሙ በፊት በመሃል የሚይዘውን ቅርጽ) ኤስኤስኤ ወደሚባለው ቅርጽ ቀይረው፤ እያንዳንዱ ስም አንድ ቦታ ብቻ ዋጋ ይሰጠው። ታዋቂው ኮምፓይለር ጂሲሲም እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.0 ስሪቱ ወደዚህ ገብቷል። ያኔ ቋሚ ቁጥሮችን ቀድሞ ማስላትና የማያገለግል ኮድ ማውጣት እጅግ ይቀልልሃል። ኢንላይኒንግ ከዚያ ይከተል፤ አዳዲስ ቋሚዎች ስለሚያመጣ ቋሚዎችን ቀድሞ የማስላቱን ሥራ እንደገና አስኪደው። እዚህ ላይ አደራ፦ «10 ሲካፈል ለ0» ካጋጠመው ኮምፓይለርህ ራሱ እንዳይወድቅ፣ መስመሩን እንዳለ ይተወው።

አንድ ኦፕቲማይዜሽን በጨመርክ ቁጥር ያንኑ ፕሮግራም አብርተህም አጥፍተህም አስኪደውና ውጤቱን አወዳድር። ጀልባ 0፣ ጀልባ 1 እና ብዙ ጀልባ ያለባቸው ግብዓቶች ሁሌም ይኑሩበት።